የጣውላ ጀልባ አሠራር

ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ውሃው መንገዱ ነው። በእግር ዞሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ገበያ ወይም ጤና ጣቢያ በውሃ አቋርጦ ቶሎ ይደርሰዋል። ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥለው ከዳር ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር የሚኖር ገበሬ ሞፈርና ቀንበር መጥረብ እንደሚያውቅ ሁሉ የጀልባ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

እኛ ጎረቤታሞች ሆነን በግቢያችን ውስጥ ሁለት የጣውላ ጀልባዎች ሠርተናል። የመጀመሪያው ተበላሽቶብናል። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ውሃ ላይ ነው። ከሁለቱም የተማርነውን እንነግራችኋለን።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ጀልባ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

በጣና የምንገለገልበትን ታንኳ እንመልከት። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በአየር የተሞላ ነው። ደርቆ በነዶ በነዶ ሲታሰር ራሱ ነዶው ይንሳፈፋል። ታንኳ ላይ ውሃ ቢፈስበትም በነዶዎቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል እንጂ ታንኳውን አያሰምጠውም። ችግሩ ሌላ ነው። ደንገል ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው።

ታንኳን ግን የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው በ1961 ዓ.ም. ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ በፒራሚዶቹ አጠገብ ትልቅ ታንኳ አሠራ። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ስሟን ራ አላት። ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ሞከረ፤ ነገር ግን ኋላዋ ውሃ ጠጥቶ ስለ ሰመጠ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተዋት። በ1962 ዓ.ም. እንደገና ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል ሁለተኛ ታንኳ አሠርቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ከምትባል ደሴት ደረሰ። የኛ አገር ደንገል ይህን ሠርቷል።

ጀልባ በሌላም መንገድ ይሠራል። በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ላይ አኙዋኮችና ኑዌሮች አንድ ትልቅ ግንድ ፈልፍለው ጀልባ ያደርጉታል። ይህ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ጀልባ አንድ ትልቅ ዛፍ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ግንድ ደግሞ ብዙ ቦታ የለም።

የጣውላ ጀልባ ከሁለቱም ይለያል። አንድ ባዶ ጣሳ ውሰዱና ውሃ ላይ አስቀምጡት። ይንሳፈፋል። ጣሳው ብረት ሆኖ ሳለ ለምን አይሰምጥም? ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ሆዱ ውሃውን ገፍቶ ቦታ ይይዛል፤ የተገፋው ውሃ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይሸከመዋል። አሁን የጣሳውን ቂጥ በሚስማር ብሱት። ውሃ ይገባል፤ ጣሳው ይሰምጣል። የጣውላ ጀልባም እንደዚሁ ነው። ታንኳ የሚንሳፈፈው በደንገሉ ነው፤ የጣውላ ጀልባ ሰውና ጭነት ችሎ የሚንሳፈፈው ግን በባዶ ሆዱ ነው። ስለዚህ የጣውላ ጀልባ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጣጣ ነው፤ እሱም የመጋጠሚያ ጣጣ ነው። ጣውላና ጣውላ የሚገናኙበት ስንጥቅ ውሃ ካሳለፈ የቀረው ሁሉ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ጀልባችን የተበላሸው በዚሁ ነው። ቸኩለን ነበር። የባሕር ዛፍ ግንድ አስወድቀን፣ አሰንጥቀን፣ ገና እርጥብ እያለ ገጠምነው። በዚያን ቀን ስታዩት መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም ነበር። ዳር ላይ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን በየመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አንዳንዱ ጣውላ ተጣመመ፣ አንዳንዱም ከሚስማሩ ላይ ተሰነጠቀ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ወርዱ ይቀንሳል። ይህን ሁላችንም ከቤት ሥራ እናውቀዋለን፤ በር ሲደርቅ ይከፈታል እንል የለም? እያወቅን ነው የተሳሳትነው። ጣውላው በኋላ የበረት በር ሆኗል።

ስለዚህ መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ። ጣውላው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት እንዲኖረው ይሰንጠቅ። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ መደርደር ነው። በጣውላና በጣውላ መካከል ቀጫጭን ዘንግ ይግባ፤ አየር እንዲያልፍ ነው። ጫፍና ጫፉን ሬንጅ ቀቡት፤ እንጨት ከጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ የሚሰነጠቀውም ከጫፉ ነው። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ እንዳይጣመም ይይዘዋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ይቆይ። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

የትኛው እንጨት ይሻላል? ዋንዛ ለመላግ ይመቻል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ጽድ ብስባሴን ይችላል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለሥራ የሚመች ነው፤ ግን እርጥበት ላይ ቶሎ ይበሰብሳል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ታግሦ ላደረቀው ለጎድን አጥንትና ለመቀመጫ ይሆናል። ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አትርሱ። የራሳችሁ ግቢ ዋንዛ ቢሆንም አስቀድማችሁ የግብርና ሠራተኛውን ጠይቁ። እኛ የሠራንበት ዋንዛ ነፋስ የጣለው ነበር።

የግንዱ ዳር ዳር ያለው ነጣ ያለ እንጨት ቶሎ ስለሚበሰብስ ለሆድ አይሁን። ጉጥ ያለበት ጣውላም ቢሆን ጉጡ ከነቃነቀ ተዉት፤ አንድ ቀን ወልቆ ቀዳዳ ይሆናል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ፣ ሜትርና ጠንካራ ገመድ ይበቃል። ሚስማሩ ዚንክ የተነከረ ይሁን። ተራ ሚስማር ውሃ ውስጥ ዝጎ ይበላል፤ ዙሪያውን ያለውንም እንጨት ያበሰብሳል።

የኛ ጀልባ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው፤ ይህም ወደ ስምንት ክንድ ነው። የሆዱ ወርድ መሀሉ ላይ 1 ሜትር ነው። የአፉ ወርድ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ነው። ለምን አፉ ሰፋ? ጎኑ ወደ ውጭ ዘንበል ሲል ጀልባው በተጫነ መጠን ውሃ ላይ የሚይዘው ቦታ እየሰፋ ይሄዳል፤ ቶሎም አይገለበጥም። የጎኑ ቁመት 45 ሳንቲሜትር ነው። ፊቱ ሾጣጣ፣ ኋላው ጠፍጣፋ ነው። ሆዱም ጠፍጣፋ ነው። ክብ ሆድ ያለው ጀልባ ውሃውን ቢሰነጥቅም ለመሥራት ባለሙያ ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን ግን ጎጆ የሠራ ሰው ይሠራዋል።

መጀመሪያ ቅርጹን በሙሉ ልኩ መሬት ላይ በአመድ ሣልነው። ግቢውን ጠርገን፣ መሀሉን በገመድ ቀጥ አድርገን ወጠርን። ከገመዱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል እየለካን ምልክት አደረግን። ይህን ሥራ አትናቁት። በአንድ በኩል ሁለት ጣት የሰፋ ጀልባ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ከዚያ ሦስት ነገር ተዘጋጀ፤ የፊት ዓምድ፣ የኋላ ሰሌዳና የመሀል ጎድን አጥንት። የጎድን አጥንት የምንለው ከሆዱ ተነሥቶ በሁለቱም ጎን ወደ ላይ የሚወጣውን ማገር ነው። የጎን ጣውላዎቹን መጀመሪያ ከፊት ዓምዱ ጋር በሚስማር መታን። ከዚያ በመሀል ጎድን አጥንት ዙሪያ እያጎበጥን ወደ ኋላ ሰሌዳው ማምጣት ነበረብን። እዚህ ላይ ጉልበት ብቻውን አይሠራም። ጣውላውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን፣ የፈላ ውሃ ደጋግመን አፈሰስንበት። እንጨት ሲሞቅና ሲርስ ይለሰልሳል። የሁለቱን ጣውላዎች የኋላ ጫፍ በገመድ አሰርንና በገመዱ መካከል ዱላ አግብተን አጠነጠንነው። ዱላው በዞረ ቁጥር ጣውላዎቹ እየተቀራረቡ መጡ። በየጥቂቱ ነው። አንድ ጊዜ ተቻኩለን ብንጎትት ይሰበር ነበር። ይህ ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጅቶብናል።

ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ከሚስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሱ። ሳይበሱ መምታት ጣውላውን ይሰነጥቃል። ለ2 ሳንቲሜትር ተኩል ጣውላ 7 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ሚስማር ይስማማዋል። ሚስማሮቹ በአንድ መስመር ላይ አይሰለፉ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሁን።

ጎኖቹ ከቆሙ በኋላ የቀሩትን የጎድን አጥንቶች በየ60 ሳንቲሜትሩ አስገባን። ጎንና ሆድ በሚገናኙበት ዙሪያ ደግሞ በውስጥ በኩል የማዕዘን እንጨት ሄደ፤ የሆዱ ጣውላ የሚመታው በእሱ ላይ ነው። ከዚያ ጀልባውን ገልብጠን ሆዱን አለበስነው።

የሆዱን ጣውላ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው የደረደርነው፤ ልክ እንደ መሰላል እርከን። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ረጅም ጣውላ አያስፈልግም፤ የአንድ ሜትር ቁራጭ ሁሉ ይሠራል። ሁለተኛ፣ አንዱ ቢበሰብስ እሱን ብቻ ነቅሎ መተካት ይቻላል። የጣውላዎቹ የውስጥ ጠርዝ ይግጠም፤ በውጭ በኩል ግን ጠርዛቸውን በመላጊያ ትንሽ ላግ አድርገን ቦይ የመሰለ ክፍተት ተውን። ይህ ቦይ የመድፈኛው ቦታ ነው። እንዲሁ አጥብቀን ብንገጥመውስ? ደረቅ ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። የሚያብጥበት ቦታ ካጣ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ሚስማሩን ይነቅላል።

አሁን ወደ ዋናው መጣን። መድፈኛው ቃጫ ወይም ጥጥ ነው። በጣት ውፍረት ፈትሎ ቦዩ ውስጥ በደነዘዘ መሮና በመዶሻ መጠቅጠቅ ነው። የተሳለ መሮ ቃጫውን ይቆርጠዋል። ጥቅጠቃው እኩል ይሁን፤ አንድ ቦታ በጣም አጥብቆ አጠገቡ ላላ ማለት አይበጅም። ከዚያ የቀለጠ ሬንጅ ከላይ ይፈስበታል። ይህን ሥራ ለሁለት ከፍለን አልሠራንም፤ አንድ ሰው ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራው። እጁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

ስለ ሬንጅ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሬንጅ ቤት ውስጥ አይቅለጥ። ደጅ፣ ከሣርና ከክምር ራቅ ብሎ፣ በትንሽ እሳት ይቅለጥ። ቶሎ እንዲቀጥን ብላችሁ እሳት ላይ እያለ ላምባ ወይም ቤንዚን አትጨምሩበት። እሳት ቢይዝ ውሃ አትድፉበት፤ የነደደ ሬንጅ ላይ ውሃ ሲደፋ ይፈነዳና ይረጫል። ክዳን ክደኑበት ወይም አፈር ጨምሩበት። ሕፃናት አጠገቡ አይድረሱ።

በሆዱ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ቀጭን እንጨት መትተናል፤ ጀልባው በሚቀዘፍበት ጊዜ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ዳር ላይ ሲጎተትም ሆዱን ከድንጋይ ይጠብቃል። መቀመጫው ከሁለቱ ጎኖች ጋር ተያይዞ ይመታ። ለመቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ጎኖቹን ወጥሮ ይይዛቸዋል።

ጀልባው ሲያልቅ ወዲያው ሐይቅ አልወሰድነውም። በሁለት ግንድ ላይ አስቀምጠን ውስጡን ውሃ ሞላነው። ከታች ገብተን አየን። የሚያንጠባጥበውን ቦታ ሁሉ በከሰል ምልክት አደረግንበት፤ ዘጠኝ ቦታ ነበር። ውሃውን ደፍተን፣ አድርቀን፣ እንደገና ደፈንነው። ከዚያም ዳር ላይ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አስተኛነው። ጣውላው አበጠ፤ መጋጠሚያውም ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ያው የእንጨት ጠባይ መጀመሪያ ጀልባችንን አበላሽቶብን ነበር፤ አሁን ደግሞ ረዳን።

የቀረው ጭነቱ ነው። ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ስምንት ሰውና ሁለት ኩንታል እህል ጫንን። ጀልባው አዲስ ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ምን ይሆናል ብለን ነው። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ በጎን በኩል መግባት ጀመረ። አንዱ በጣሳ ይጨልፋል፣ ሌላው ይቀዝፋል፣ ያለቅስ የነበረም አለ። በመጨረሻ እህሉን ወደ ውሃ ጣልነው። ሰው አልሞተም። የሁለት ቤት የወር ቀለብ ግን ሐይቅ ውስጥ ቀረ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ያላሰብነውን ሒሳብ ሠራን። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ ሒሳቡ ቀላል ነው። የኛ ጀልባ ሆድ ስፋቱ ወደ 3 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሳንቲሜትር በሰመጠ ቁጥር 30 ሊትር ውሃ ይገፋል። 30 ሊትር ውሃ 30 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ እያንዳንዱ 30 ኪሎ ጭነት ጀልባውን አንድ ሳንቲሜትር ያሰምጠዋል ማለት ነው።

ጀልባው ራሱ ወደ 120 ኪሎ ይሆናል። ይህም 4 ሳንቲሜትር ነው። አንዱ ሰው 60 ኪሎ ቢሆን ስምንት ሰው 480 ኪሎ ነው። ሁለቱ ኩንታል 200 ኪሎ ነው። ሁሉም ሲደመር 800 ኪሎ ይመጣል። 800ን ለ30 ብናካፍል ወደ 27 ሳንቲሜትር ነው። ከ45 ላይ 27 ሲቀነስ ከውሃ በላይ የቀረው ጎን 18 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ያን ለማለፍ ትልቅ ማዕበል አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ከጎኑ ቁመት ሁለት እጁ ከውሃ በላይ፣ አንድ እጁ ብቻ ከውሃ በታች ይሁን ብለን ወሰንን። ይህም 15 ሳንቲሜትር መስመጥ ነው። 15 ሲባዛ በ30 ስንት ነው? 450 ኪሎ ነው። የጀልባው 120 ሲቀነስ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 330 ኪሎ ነው። አራት ሰው 240 ኪሎ ነው። በእነሱ ላይ አንድ ኩንታል ቢጨመር 340 ይሆናል፤ 10 ኪሎ አለፈ። እንግዲህ ኩንታል ካለ ሦስት ሰው ይሄዳል፤ አራተኛው በሁለተኛው ምልልስ ይሄዳል። በዚህ ጉዳይ ከዘመድም ጋር ተጣልተናል። ሐይቁ ግን ዘመድ አይለይም።

በጀልባው ጎን፣ ከሆዱ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ነጭ ቀለም ቀብተናል። ከመስመሩ በላይ 330 ብለን ጽፈናል። መስመሩ ውሃ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ይወርዳል፤ ክርክር የለም። የናንተ ጀልባ ልኩ ከተለየ ቁጥሩም ይለያል፤ የሆዱን ስፋት ለክታችሁ እናንተው አስሉት።

ተሳፋሪ ይቀመጥ፤ አይቁም። ከባድ ዕቃ መሀል ላይ፣ ዝቅ ብሎ ይጫን። መጨለፊያ ጣሳ በገመድ ታስሮ ሁልጊዜ ጀልባው ውስጥ ይኑር። ለእያንዳንዱ ሰው ክዳኑ የጠበቀ አንድ ባዶ ጀሪካን ይያዝ። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ውሃ ላይ ወደ 20 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ የሰው አካል ውሃ ውስጥ ስለሚቀል ራስን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከበቂ በላይ ነው። ጀልባው ቢገለበጥ ጀልባውን ወይም ጀሪካኑን ያዙ እንጂ ዳር ቅርብ መስሏችሁ ዋና አትጀምሩ። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት መንገዱ በጠዋት ይለቅ።

ጀልባው ሥራ በማይኖረው ጊዜ ከፀሐይ ይጠበቅ። እኛ ጥላ ሥር ገልብጠን፣ ከመሬት በሁለት ግንድ ከፍ አድርገን እናስቀምጠዋለን። በዓመት አንድ ጊዜ የላላውን ቃጫ አውጥተን በአዲስ እንተካለን፤ ሬንጁንም እንቀባለን። ወደ ውሃ ከመመለሱ በፊት እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሦስት ቀን ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ያድራል። በአራተኛው ቀን ውሃውን ጨልፈን ውስጡን እናያለን፤ ጠዋት ያደረቅነው ሆድ እስከ ማታ ደረቅ ከሆነ መረቡ ይጫናል።